እጅ የደረሰበት ጆሮ

የቱ ይሻላል?

ሰፈራችን ውስጥ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እናቶች ወደ እኔ እየመጡ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ማንበብ ስለምወድ፣ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ የጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ስለምውል፣ የማውቅ ይመስላቸዋል። ከአጥር ማዶ ያለችው አሣ ሻጭ ጎረቤቴ ሳፋዋን በአናቷ እንደተሸከመች በሩ ላይ ትቆምና፣

«አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። ንገረኝ፣ የቱ ነው ጥሩ?» ትለኛለች።

አማርኛን የተማረችው ከአኙዋክኛ ቀጥላ፣ ካደገች በኋላ ነው። ሁላችንንም «አንተ» ትለናለች፤ ባሏንም፣ እኔን ሴቷንም፣ ፍየሏንም። እኔ በሥራዬ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትዛነፍ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ እሷን ግን አርሜያት አላውቅም። በእሷ አፍ «አንተ» ሲባል «ጎረቤቴ» የተባልኩ ያህል ደስ ይለኛል።

«እንጃ» እላታለሁ።

«ታዲያ ምን ታነባለህ?» ብላ እየሳቀች ትሄዳለች።

እውነቴን ነው፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስቱንም ግን በጆሮዬ አውቃቸዋለሁ። በአንዱ ጆሮዬ።

የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መናገር ይቸግረኛል፤ ሲሰማ ትዝ አይለኝምና። ልጅ ሳለሁ ከመንደራችን ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ የወንዝ ዳር መንገድ ነበር። ስንሄድ ወንዙ በግራዬ ነው፤ ዝም ይላል። ስንመለስ በቀኜ ይሆናል፤ ያወራል። ስለዚህ ወንዙ ጠዋት ጠዋት የሚተኛ፣ ፀሐይ ሲበረታበት የሚነቃ ይመስለኝ ነበር። ነቅቶ ሳገኘው ደስ ይለኛል፤ ተኝቶ ሳገኘው ደግሞ እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣቶች እረግጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር የሚመስለኝ።

የተወለድኩት ጋምቤላ ውስጥ፣ ከአቦቦ ወዲያ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። እህቴ እዚያ ደጋ ተወልዳ፣ በሰው ጀርባ ታዝላ መጥታለች። ከእሷ ቀጥለው የተወለዱትን ወባ ወሰዳቸው። እኔም በሕፃንነቴ በዚያው በሽታ ነድጄ ነድጄ ተርፌያለሁ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አናቴን እየዳበሰች፣ «ይችን ግን አንድም እንከን ሳይነካት አተረፈልኝ» ትል ነበር። ያ ንግግር የቤታችን ምሰሶ ነበር። እንከን እንዳለብኝ ሲገባኝ፣ ምሰሶውን የምነቀንቅ ሰው መሆን አልፈለግሁም። ደግሞም «ደንቆሮ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ጆሮን ብቻ ነክቶ አይመለስም።

ያኔ ለትምህርት መድረስ የሚለካው በእጅ ነበር። ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሻግረሽ የግራ ጆሮሽን ከነካሽ ደርሰሻል፤ ካልነካሽ ለከርሞ ነይ። ዛፍ ሥር ተሰልፈን ተራዬ ደረሰ። ነካሁት። ጫፉን ነካ አድርጌ አልተውኩትም፤ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት እንጂ። መምህሩ በግራዬ አለፈ። ያለኝን በኋላ እህቴ ናት የነገረችኝ፤ «ጎበዝ፣ ደርሰሻል፤ ሂጂ ከእነሱ ጋር ተቀመጪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ጆሮዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ደገመው። ልጆቹ ሳቁ። በመጨረሻ ዞሮ በቀኜ በኩል ለቆመችው ለእናቴ ሲናገር ሰማሁት፤

«እጇ ደርሷል፣ ልቧ ገና ነው። ለከርሞ ይምጡ።»

ለከርሞም ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ እናቴ መውሰዱን ተወችው። ማማ ላይ ወጥቼ በቆሎ ከዝንጀሮ መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ከማማው ላይ ዓለም ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሙቀቱ ማሳውን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል፣ ደመናው ከምዕራብ፣ ከማታር በኩል እንደ ከብት እየተነዳ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ሕልም አያለሁ። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ቀስ በቀስ በግራ በኩል መምጣት ተማሩ። መጀመሪያ ነገሩን የደረሱበት እነሱ ናቸው ማለት ነው።

እህቴ አግብታ ጋምቤላ ከተማ ስትገባ ይዛኝ መጣች። አንደኛ ክፍል የገባሁት ቁመቴ ከመምህሯ ትከሻ አልፎ ነው። በማንጎ ዛፎች የተከበበው፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ትምህርት ቤት ነበር። ረጅም ነሽ ተብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። እኔው ፈልጌ በግራ በኩል ያለውን ጥግ ያዝኩ፤ የማይሰማውን ጆሮዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ የሚሰማውን ለክፍሉ ከፈትኩ። ቢሆንም የመምህሯ ቃል ከፊት ተነሥቶ እኔ ጋ እስኪደርስ፣ የልጆቹ ጫጫታ ግማሹን ያስቀርብኝ ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ግን ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ የሚባል የለም፤ ሰው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ ወሬ አይወጣውም። ያቺ መምህሬ ዝናብ ሲጀምር መናገር ትታ መጻፍ ትጀምራለች። ትምህርቱን ሁሉ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ታወርደዋለች። ጥያቄ ስትጠይቅም ጽፋ ነው፤ የምንመልሰውም ወጥተን ጽፈን ነው። ጠረኑ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ እርጥብ አፈር፣ የማንጎ ቅጠል፣ ጠመኔ። ክፍሉ ውኃ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። እኛ አሣዎች ነን፣ ነጩ ፊደል ደግሞ ከላይ የሚወርድ ብርሃን። ማንበብ የያዝኩት በዝናብ ነው። በዝናብ ቀን የሚቀድመኝ አልነበረም።

ዕድሜዬን አይተው «እማማ» ይሉኝ የነበሩት ልጆች፣ ሰማዩ ሲጠቁር በመስኮት ብቅ ብለው፣ «እማማ! ዝናብሽ መጣልሽ፣ አሁን ደግሞ ልትጎብዢብን ነው!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንዳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁም። እኔም አልነገርኳቸውም። እናቴ በሕይወት ነበረች።

ዓመታት አልፈው፣ እናታችንም አርፋ፣ የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ለትምህርት ደረሰች። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ገባች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ መስታወት ያለው መስኮት፣ ሲሚንቶ ወለል። «እዚያ የተማረ ባንክ ቤት ይገባል» ይባላል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የማደርሳት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ቀኝ እጄን ትይዛለች፤ ያን መንገድ ወሬያችን አያልቅም። ከእሷ ጋር ያወራሁትን ያህል ከትልቅ ሰው ጋር በዕድሜዬ አላወራሁም።

አንድ ቀን ጠዋት በቀኛችን ባጃጅ ቆሞ፣ ጭቃውን ለማምለጥ ዘላ ወደ ግራዬ ዞረች። ስለ አባ ኮዳ እየነገርኳት ነበር፤ ያ ራሰ በራ ወፍ ቄራው አጥር ላይ ቆሞ ምን እንደሚያስብ። ትንሽ ሄድንና መልስ ሳጣ ዞር ብዬ አየኋት። ሽቅብ እያየችኝ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሷም ስታወራ ቆይታለች። ሁለታችንም እያወራን፣ ሁለታችንም ሳንሰማ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄደናል።

እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ከኋላዋ በቀኟ በኩል ሆኜ ቀስ ብዬ፣ «ማንጎ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ዝም። በግራዋ ዞሬ በዚያው ድምፅ ደገምኩት።

«የታለ?» አለች ዘላ።

ባለፈው ክረምት ያ የቀኝ ጆሮዋ መግል ይዞ ከርሞ ነበር። ደረቀ ብለን ተውነው። የእኔ የግራው፣ የእሷ የቀኙ፤ እሷ በቀኜ፣ እኔ በግራዋ ስንሆን ሁለት ጤነኛ ጆሮ በመካከላችን አድርገን እየሄድን ነበር። ወሬያችን እንዲያ ያማረው ለዚህ ኖሯል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከሥራ ስገባ እህቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

«አስተማሪዋ ጠርታኝ ነበር» አለችኝ። «ስሟ ሲጠራ አትመልስም፣ ሌላ ዓለም ውስጥ ናት ነው የምትለው። ዘንድሮ ቤት ትቆይና ለከርሞ ትምጣ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ፣ እትዬ?»

«ምን እላለሁ? አንቺን መስላ ነው። ዝምታዋም አንቺ፣ መንሳፈፏም አንቺ። አንቺስ ዘግይተሽ ገብተሽ ይኸው አስተማሪውን ሁሉ ታርሚ የለ? ምን ቀረብሽ?»

ምን እንደቀረብኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ማማው፣ ዝንጀሮው፣ የዕድሜ እኩዮቼ ተመርቀው ሲያገቡ እኔ የሕፃናት ዴስክ ሥር እግሬን ማጠፊያ ማጣቴ። የልጅቷን ጆሮ ካነሣሁ የራሴም መከተሉ አይቀርም፤ የወጣልኝ ሌላ ነው።

«የማንጎው ትምህርት ቤት ይሻላት ይሆን?»

«የአስፋልቱን ትቼ? ሰው ምን ይለኛል!»

«እስቲ ሦስቱንም ልያቸው።»

«እዪ። አንቺ ካላየሽና ካልለካሽ መቼ ታምኛለሽ? ሐሙስ ግን ሄጄ አስወጣታለሁ። ልጄን ሰው ሲስቅባት አላይም።»

ርዕሰ መምህሮቹ ያውቁኛል፤ የፈተና ወረቀታቸውን የምተይብላቸው እኔ ነኝ። ሰኞ የአስፋልቱ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሯ ጎበዝ ናት፤ ፊደሏ ቀጥ ያለ፣ አነጋገሯ የጠራ። ግን እየተራመደች ነው የምታስተምረው፤ ድምፅዋ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጃችን በግራ በኩል መስኮቱ ሥር ናት። የሚሰማው ጆሮዋ ወደ መንገዱ፣ የማይሰማው ወደ መምህሯ። ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ትዞራለች፤ ስሟ ሲጠራ ወደ ውጭ እያየች ትቀመጣለች። ክፍሉ ይስቃል። እሷም ሰው ሲስቅ አይታ አብራ ትስቃለች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ለዓመታት ስቄዋለሁ።

ማክሰኞ ወደ ማንጎው ሄድኩ። ዴስኮቹ ከእኔ ዘመን ይልቅ አንሰዋል፣ ወይም እኔ ረዝሜያለሁ። ጣሪያው አሁንም ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ጦጣ ሲሮጥበት ልጆቹ በሙሉ ቀና ብለው በዓይናቸው ይከተሉታል። ክፍሉ ትንሽ፣ ልጆቹ ጥቂት። ልቤ እዚህ ነው፣ እዚህ ነው ይለኛል። ከሰዓት ዝናብ መጣ። አዲሱ መምህር ጠመኔውን አስቀምጦ፣ በእጁ «ተኙ» የሚል ምልክት ሰጣቸው። ልጆቹ ግንባራቸውን ዴስክ ላይ ደፍተው ተኙ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል፤ ደክሞት ይሆናል፣ አልፈርድበትም። ሰሌዳው ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። የምወደው ትምህርት ቤቱን ነበር ወይስ ያቺን መምህሬን? እያልኩ በእርጥቡ መንገድ ተመለስኩ።

ረቡዕ ባሮ ዳር ወዳለው ሄድኩ። ጭቃ ግድግዳው እስከ ወገብ ነው፤ ከዚያ በላይ ነፋስ። ጣሪያው ሣር ስለሆነ ዝናብ ቢመጣ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። ልጆቹ በርጩማቸውን ከየቤታቸው ተሸክመው መጥተው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አሮጌው መምህር መካከላቸው ነው። ከልጆቹ ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ፣ አንድን ቃል በአፉም በእጁም ነው የሚናገረው፤ «ዝሆን» ሲል ክንዱ ኩምቢ ይሆናል፣ ፊቱን ወደ እያንዳንዱ ልጅ ያዞራል። እዚያ ማንም ሰው ከክብ ውጭ አይደለም። ግን መጽሐፉ እንደ እንግዳ ሕፃን ከጭን ወደ ጭን ሲዞር ይውላል፤ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ግቢው በውኃ ተይዞ ትምህርቱ ይቋረጣል።

«እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ በዕረፍት ሰዓት።

«እያዳመጥኩ ነው።»

«እኛ ጋ ከወንዝ ሌላ ምን የሚደመጥ አለ ብለሽ?»

አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች መጣች። መምህሩ ሳይጠይቃት የልጁን ቀኝ እጅ አንሥቶ በአናቱ ላይ አሻገረው። ጣቶቹ ጆሮውን ነኩ።

«አሁንም በእጅ ነው የምትለኩት?» አልኩ።

«የልደት ወረቀት የሌለው ይበዛል። እጅ አይዋሽም» አለኝ።

እጅ አይዋሽም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ባሮ በቀኜ ነበር፤ ሲያወራ፣ ሲያወራ። ምን እንደሚል ግን አልያዝኩለትም። የራሴን እጅ ነበር የማስበው፣ ያኔ ጥርቅም አድርጎ የያዘውን። በትክክል ይዞት ነበር። የሚያየው ጠፋ እንጂ፣ እጄ ሁሉንም ነገር ተናግሮ ነበር።

ሐሙስ ከእህቴ ጋር ወደ አስፋልቱ ትምህርት ቤት ሄድን። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፏል፤ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ይመጣሉ ተባልን። በረንዳው ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ቆመን ስንጠብቅ፣ ሰማዩ ከወንዙ ማዶ ጠቆረና ዝናቡ መጣ። ክፍሎቹ ኮርኒስ አላቸው፤ በረንዳው ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሴቶቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንዷ የሌላዋን ከንፈር አተኩራ ታያለች፣ ሳይገባት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትስቃለች። በዝናብ ጊዜ ሰው ሁሉ እኔን ይሆናል።

እህቴ በግራዬ ነበረች። ከልጅነታችን ጀምሮ በግራዬ ናት።

«እትዬ፣ ይሄ ጆሮዬ አይሰማም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ዝናቡ ወዲያው ወሰደው። እህቴ ከንፈሬን አይታ፣ በምልክት ምን አልሽ አለችኝ።

ምንም ብዬ ራሴን ልነቀንቅ እችል ነበር። እንዲያ ማድረግ ለምጃለሁ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። መምህሯ ሰሌዳው ጋ ሆና ትናገራለች፤ ልጆቹ አብረው ይደግማሉ፤ የእኛዋ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ በጣቷ ትከተላለች። ልትወጣ ነው። ማማ ባይኖርም ማማ ላይ ልትወጣ ነው።

ቀኝ እጄን አነሣሁ። በአናቴ ላይ አሻገርኩና የግራ ጆሮዬን ያዝኩ።

እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ የሆነ ነገር ጮኸች፤ ቀና ብላ ስትደግመው ከከንፈሯ ያነበብኩት «ደርሰሻል፣ ደርሰሻል!» የሚል ነበር። እኔ ጆሮዬን አልለቀቅሁም። አልሳቅሁም። አሁንም ወደዚያው ጆሮ ጮኸች። አይሰማም በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። እንደገና ጮኸች፤ እንደገና ነቀነቅሁ። ያኔ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ ሳይሆን ቀስ እያለ ነበር የቀነሰው። ድምፃችን ከሥሩ ብቅ እስኪል ሁለታችንም ጠበቅን።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«እጄ ገና ሳይደርስበት።»

«እማ…»

«አታውቅም ነበር። እንከን አልነካትም ስትል እሰማት ነበር፣ እትዬ። እንዴት አድርጌ?»

እህቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከመስኮቱ ወደ እኔ ተመለሰ።

«የሷስ?»

«የሷ የቀኙ ነው። ያ የመገለው። ሐኪም ይየው፤ የእኔን ያየው የለም። ልቧ ግን ደርሷል። እንዳታስወጫት።»

ርዕሰ መምህሩ ጃንጥላቸውን እያራገፉ፣ ቁልፉን እየፈለጉ በደረጃው ሲወጡ አየን። እህቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከግራዬ ተነሥታ፣ በፊቴ ዞራ፣ በቀኜ መጥታ ቆመች።

«በይ እንግባ» አለች። «ከዚያ መስኮት ያንሡልኝ እንላቸዋለን። እኔ አላውቅበትም፤ አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»